የእትየ ወርቄ የክርስትና ልጆች

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት የክርስትና እናቶች አሉ። አንደኛዋ ሕፃኗን ታነሣለች፣ ቀሚስ ትገዛለች፣ ድግሱን በልታ ትሄዳለች። ሁለተኛዋ አትሄድም። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ይህችን ሁለተኛዋን የማያውቅ ሰው ካለ ዛሬ ጠዋት የመጣ መንገደኛ ነው፤ እሱም እስከ ማታ ያውቃታል።

ክብርት እትየ ወርቄ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ጃንጥላ ይዘው ከቤት ከወጡ፣ ከክርስትና ልጆቻቸው አንዷ ልትጠየቅ ነው። ንግግራቸው አጭር ነው፦ «ያኔ አፍ አልነበረሽም። እኔ ነኝ የመለስኩልሽ!» ሕፃን መናገር ስለማትችል፣ ካህኑ ሲጠይቁ በእሷ ፈንታ ሰይጣንን የካዱት፣ በእሷ ፈንታ «አምናለሁ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሰው አንዴ ከመለሰ በኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንዴ?

ደጎሎ የተዳረችውን አስቻለችን ለመጠየቅ ዓርብ ቀን መርጠው ሚኒባስ ይሳፈራሉ። አማትየዋ ወንበር ሳታቀርብ የድስቱን ክዳን ከፍተው ያሸታሉ። «እሰይ፣ ሽሮ ነው!» ካሉ በኋላ ነው ሰላምታ የሚሰጡት። ቤይሩት ያለችውን የሚጠይቁት በስልክ ነው። አንድ ቀን «ውዳሴ ማርያም ደገምሽ?» ብለው ሲጮኹ፣ አሠሪዋ እሳት የተነሣ መስሏት ወደ ኩሽና ሮጠች ይባላል።

የባሰባት ግን ፍቅርአዲስ ናት። ባንክ ተቀጥራ መስኮት ላይ ስለተቀመጠች መደበቂያ የላትም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ይነጫነጫል፤ እትየ ወርቄ ግን እግዚአብሔር ጊዜ ሰጠን ብለው ወደ መስታወቱ ይጠጋሉ።

«አማን ነሽ ልጄ? እስኪ አምስቱን አዕማደ ምስጢር ጥሪልኝ።»

«እትየ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ኔትወርክ የለም ስትዪ ሰምቻለሁ።»

ፍቅርአዲስ አንገቷን ደፍታ ትጀምራለች። «ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት...» ሰልፈኛው ሁሉ ሲያያት ድምጿ ይጠፋል።

«ቁርባን!» አሉ አንድ ቀን ከኋላ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙሐሲን። «ከዚያ ትንሣኤ ሙታን። ወላሂ፣ እዚህ ሰልፍ ላይ ስንት ጊዜ ሰማሁት!»

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። እትየ ወርቄ ግን አልሳቁም። «ሰማሽ? ሐጂ ሸምድደውታል!»

«ይተዋት እትየ» አሉ ሐጂ። «ለእኔም ልጅ እንዲህ የሚከታተላት ባገኘሁ።»

እንግዲህ የሥራ ባልደረባዋ ሐረግ ወልዳ «ልጄን ክርስትና አንሽልኝ» ስትላት፣ ፍቅርአዲስ የደነገጠችው ለዚህ ነው። ሌላው ክብር ነው ብሎ ይቀበላል። እሷ ግን ነገሩ የዕድሜ ልክ መሆኑን ታውቃለች። እምቢ ብትል ሐረግ ትቀየማለች፤ እሺ ብላ ብትተወው ሕፃኗን መበደል ነው። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሲቃረብ እትየ ወርቄ ቤት ሄደች።

«እርስዎ ያንሱልኝ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ለራሴ የሚጠፋብኝን ለሌላ ምን ላስተምር?»

እትየ ወርቄ እሸት ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። «ያ ባንካችሁ የጓሮ በር አለው አይደል?»

«አለው።»

«ኔትወርክ ሲጠፋ ጓደኞችሽ በዚያ ወጥተው ሻይ ይጠጣሉ። አንቺ ግን ሁልጊዜ ትቆዪኛለሽ።»

ፍቅርአዲስ በሩ ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር። እንዲያውም እትየ ወርቄ የቀሩ ቀን፣ አሟቸው ይሆን እያለች ወደ መግቢያው ስታይ ነው የምትውለው።

«እኔን የቻልሽ ሕፃን አያቅትሽም» አሉና የባቄላውን ሰፌድ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «በይ አግዢኝ።»

የክርስትናው ዕለት ሰው የክርስትና ቤቱን ደጅ ሞልቶ ነበር። ፍቅርአዲስ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረች። ካህኑ ጠየቁ። የመጀመሪያው ድምጿ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። በሩ ላይ የቆሙት እትየ ወርቄ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ሳይመልሱ ቀሩ።

«እክዳለሁ!» አለች ፍቅርአዲስ። ደጅ ያለው ሁሉ ሰማት። ወደ ምሥራቅ ዞራ «አምናለሁ!» ስትል ደግሞ፣ አጥሩ ጋ የነበሩት ሳይቀሩ ቀና አሉ።

«የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀች ከከላላ የመጣች እንግዳ ሴት።

«የእኔ» አሉ እትየ ወርቄ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

«ሕፃኗ?»

«ሕፃኗማ የሐረግ ናት። የእኔዋ የምትመልሰዋ!»