«ቀልጣፋ»ን ማን አጠፋት?

(ሰንጋ ተራ፣ የአቤቱታ ማቀላጠፊያ ኤጀንሲ፣ አራተኛ ፎቅ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በሱፍቃድ ኮምፒውተሩን ሊውጠው ደርሷል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ሲሚንቶና ሚስማር የሚሸጠው ጎረቤቱ ኸይረዲን ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል።)

በሱፍቃድ፦ «ቀልጣፋ» ብዬ ጻፍኩ እኮ! አሁን፣ በዚህ እጄ! ደግሞ የት ገባች?

ኸይረዲን፦ ወድቃ ይሆናል። ጠረጴዛው ሥር እያት እስቲ።

በሱፍቃድ፦ ኸይሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ነው የጻፍኩት! ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ። ዓለም ስለ መሥሪያ ቤታችን የሚያነበው እዚያ ነው።

ኸይረዲን፦ ዓለም ምን አቤቱታ አለው?

በሱፍቃድ፦ ኧረ ተወኝ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶች አሉ። ዳይሬክተሩ ይቺን ገጽ በትልቅ ስክሪን ሊያሳዩዋቸው ነው። «ቀልጣፋ» ከሌለች ነገ ምድር ቤት ነኝ፤ መዝገብ ቤት፣ ከአይጥ ጋር።

ኸይረዲን፦ የኔም የሱቅ ማስከፈቻ ደብዳቤ እዚያ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ነው የወጣው። ፊርማ ብቻ ቀረው። የጎረቤቴን ሱቅ ሊያሽጉ መጥተው የኔን ካሸጉት ወሩ። ሲሚንቶው ውስጥ ሆኖ እየጠጠረ ነው፤ ትንሽ ከቆየ ራሱ ኮንዶሚኒየም ይሆናል።

በሱፍቃድ፦ ፈራሚዋ ወይዘሮ ፍሬሰላም ቢሾፍቱ ሥልጠና ላይ ናቸው አልኩህ።

ኸይረዲን፦ የምን ሥልጠና?

በሱፍቃድ፦ ደንበኛን ሳያመላልሱ ስለ ማስተናገድ።

ኸይረዲን፦ ሰው አልወከሉም?

በሱፍቃድ፦ («ቀልጣፋ»ን መልሶ እየጻፈ) ወክለዋል እንጂ! ሳይወክሉ ይኬዳል እንዴ?

ኸይረዲን፦ (ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ኪሱ ይከታል።) ማንን?

በሱፍቃድ፦ እኔን። (ስክሪኑን በጥፊ ሊመታ ይቃጣዋል።) አየኸው? ደግሞ አጠፋት! «ማስረጃ የለውም» ይላል። እኔን! ኃላፊን ማስረጃ!

ኸይረዲን፦ ደብዳቤ ጻፍላቸዋ።

በሱፍቃድ፦ ጠዋት ጻፍኩ። በቲተር፣ በማኅተም፣ «ለኢንሳይክሎፒዲያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ባሉበት» ብዬ።

ኸይረዲን፦ ምን አሉህ?

በሱፍቃድ፦ ሥራ አስኪያጅ የለንም አሉ። ማንም ገብቶ ያርማል አሉ። ማንም! ተራ የለ፣ ወረፋ የለ፣ «ነገ ተመለስ» የለ! ይሄ ሥርዓት ነው?

ኸይረዲን፦ (በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል።) ጥበቃም የላቸው?

በሱፍቃድ፦ የላቸው!

ኸይረዲን፦ ታዲያ ሰውን ማን ይመልሰዋል?

በሱፍቃድ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ! ግን ማስረጃ ከፈለጉ አለኝ። ኮሪደሩ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ «ማንኛውም ደብዳቤ በአሥር ደቂቃ ይፈረማል» ይላል። ፎቶ አንስቼ አስገባዋለሁ።

ኸይረዲን፦ ያ ካቢኔት ፊቱ የቆመበት?

በሱፍቃድ፦ ካቢኔቱ ይነሳል!

ኸይረዲን፦ ማን ያነሳዋል?

በሱፍቃድ፦ ለንብረት ክፍል ደብዳቤ ይጻፋል።

ኸይረዲን፦ ማን ይፈርማል?

በሱፍቃድ፦ ወይዘሮ ፍሬሰ... (ሰዓቱን ያያል። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው።)

ኸይረዲን፦ እኔ እንግዲህ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን በአሥር ደቂቃ የተፈረመ አንድ ደብዳቤ ቢገኝ ማስረጃ አይሆንም?

በሱፍቃድ፦ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከየት ይመጣል?

(ኸይረዲን ፋይሉን ከደረቱ ላይ ያነሳል።)

በሱፍቃድ፦ ቆይ! ቆይ ቆይ! አየህ፣ ጭንቅላቴ ሲሠራ? አምጣው ይሄን! ሰዓት ያዝ!

(ይፈርማል። ለባለጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠፋ የተባለው ማኅተም ከራሱ መሳቢያ ይወጣል። ጧ!)

ኸይረዲን፦ አራት ደቂቃ።

በሱፍቃድ፦ ይኸው! (ፎቶ እያነሳ፣ እየጻፈ) «ኤጀንሲው ቀልጣፋ ነው። ማስረጃ፦ የአቶ ኸይረዲን ደብዳቤ በአራት ደቂቃ ተፈርሟል።» (ትንፋሹን ይውጣል።) አንድ ደቂቃ... ሁለት... አላጠፋትም! ዕውቀት ማለት ይሄ ነው ኸይሩ። ሞኝን ማስረጃ ስታሳየው ጭጭ ይላል።

ኸይረዲን፦ እውነትህን ነው። አላህ ይስጥህ። (ደብዳቤውን አጥፎ ይወጣል። በሩ ላይ ስልክ ይደውላል።) ኡሙልኸይር ልጄ? ተፈርሟል። በቃ ተያት፣ ከእንግዲህ አታጥፊያት።

በሱፍቃድ፦ (ከወንበሩ ይነሳል፤ መልሶ ይቀመጣል።) ኸይሩ! አንተ ነህ?

ኸይረዲን፦ እኔ በስልክ መጻፍ መች አውቃለሁ? ልጄ ናት። እኔ በሚስኮል «አሁን» ማለት ብቻ ነው።

በሱፍቃድ፦ (ስክሪኑን ያያል፤ ይጮኻል።) ኧረ ጨምራለች! «በአራት ደቂቃ ተፈርሟል፤ ባለጉዳዩ አሥራ አንድ ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ።» የአሥራ አንዱን ቀጠሮ ወረቀትም ለጥፋለች!

ኸይረዲን፦ አጥፋው እንግዲህ። ማንም ያርማል አላልክም?

በሱፍቃድ፦ ሳጠፋው ይመለሳል! «ማስረጃ ያለው አይጠፋም» ይላል! በናትህ ኸይሩ፣ በጉርብትናችን! እንግዶቹ ደረጃ እየወጡ ነው! ደውልላትና ታንሳው!

ኸይረዲን፦ እነግራታለሁ፣ ምን ችግር አለው። ግን አሁን ሱቅ ልትከፍት ወጥታለች። (በሩን ቀስ አድርጎ እየዘጋ) ነገ ተመለስ።