ቶርኖአችንን ያቃናልን ሰው

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን ዕድሜዬን ይቁረጠው፤ የቀረችውም ብዙ አይደለችምና ለመማል አልሰስትባትም። ሰው ከስህተት ጋር መኖር ይችላል። እንዲያውም ተስማምቶ፣ ተከባብሮ ይኖራል። የማይችለው ሳይነገረው ከተቃናለት ነገር ጋር መኖር ነው። ጥርሱ የተጣመመ ሰው ምላሱን አይነክስም፤ የሚነክሰው ጥርሱን ያስተካከለ ዕለት ነው።

እኔና ፋራህ ጅጅጋ ውስጥ ብረት የምንቀርጽበት ቶርኖ አለን። ነበረን ልበል መሰለኝ። በቶጎጫሌ ድንበር በኩል ከሩዝና ከብርድ ልብስ ጋር በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ እኔ ራሴ “አንቱ” ልለው ይዳዳኛል። የተተከለ ዕለት መብራት ቢለቁበት ወደ ኋላ ዞረ። የሦስት መስመር መብራት ጠባዩ ነው፤ ሁለት ሽቦ ቦታ ከተለዋወጠ ሞተሩ ይገለበጣል። በአንድ ካቻቢቴ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ፋራህ ግን፣ “ዋርያ፣ አንተ፣ እጀታው ሽቅብ ሲሆን ወደ ኋላ ከሄደ፣ ቁልቁል ስናደርገው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ምን ጎደለብን?” አለኝ። እውነትም ምንም አልጎደለብንም። የሚሠራን ነገር አትንካ አይደል የከተማችን ሕግ? ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ወደ ፊት ማለት ቁልቁል ሆነ።

ወደ ኋላ መዞር ምን ክፋት አለው ትሉኝ ይሆናል። ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ማንድሪኖ፣ ያ የግመል ራስ የሚያህል ጉድ፣ በእኛ ቶርኖ ላይ ከሚያዞረው ዘንግ ጫፍ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ ነው የሚገባው። ወደ ፊት ሲዞር ይጠብቃል። ወደ ኋላ ሲነሣ ግን ዘንጉ ይቀድማል፣ ማንድሪኖው ከክብደቱ የተነሣ ይዘገያል፣ ክዳኑም ይከፈታል። አበው “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት ቶርኖ ሳያዩ ነው! የግድ ወደ ኋላ ማዞር ያለበት ሰው ማንድሪኖውን በመያዣው አጥብቆ ያስራል፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ያስነሣል፣ ስስ ስስ እያደረገ ይቆርጣል፣ ከፊቱም ገለል ይላል። እኛም መያዣው ነበረን። ማንድሪኖ ባወጣን ቁጥር እሱን መፍታት ስለሰለቸን በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው አስደግፈንበታል።

ታዲያ በአንድ የድርቅ ጊዜ አዴር ኑር የተባሉ የጉናጋዶ ሽማግሌ የጉድጓድ ፓምፕን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ ብረት እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ። ጥርሱ ተበልቷል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃው አይወጣም። መንደሩ ሌላ ጉድጓድ የለውም፣ ብረቱም ምትክ የለውም። ግመሎቹ ይታገሡ ይሆናል፤ ፍየሎቹ ግን ከነገ አያልፉም አሉን። የመጡበት የጭነት መኪና ደግሞ ከሰዓት ይመለሳል። ፋራህ፣ “አዴር፣ አጎቴ፣ ሻይዎን ሳይጨርሱ እሰጥዎታለሁ” ብሎ ተነሣ።

ያን ጠዋት፣ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ የቶርኖውን ማብሪያ አቃጥሎት፣ ጥበቡ የሚባለውን ኤሌክትሪሺያን ጠርተን አዲስ ገጥሞልናል። ጥበቡ ደግ ሰው ነው። እግዜር ከደግ ሰው ይጠብቃችሁ! ሽቦዎቹ መዛባታቸውን አይቶ አዘነልን፤ አቃናልንም። ውለታ ሲነገር ይረክሳል ብሎ ይሁን፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

ፋራህ ብረቱን አስነከሰ፤ ፍጥነቱን ከፍ አደረገ፤ እጀታውን እንደ ወትሮው ቁልቁል ገፋ። ማንድሪኖው ዘለለ። በሩን አልፎ የጫት ሻጯን የሆዳንን ጥላ ገለበጠ፣ በሁለት ባጃጆች መሃል ሾለከ፣ ፊቱንም ወደ ቶጎጫሌ አዞረ፤ አገሩ ሊገባ መሰለኝ። ሆዳን፣ “ከከበዳችሁ ሽጡት እንጂ ሰው ላይ ትወረውሩታላችሁ?” ብላ ሰፈሩን አናወጠችው። ፋራህ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሁሉም ነበሩ።

ማያያዣው ግን ቦዩ ዳር ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ብየዳ አይዘውም። ሌላ እንዳንቀርጽ የቶርኖው ዘንግ ጥርስ ተልጧል። ሌሎቹን ቶርኖ ቤቶች ዞርን፤ ቸኩሎ የሚሠራ የተባለው ለሳምንት ቀጠረን። ይሄኔ ጥበቡ በዚያ ሲያልፍ ብቅ አለና፣ “አሁንስ በትክክል እየዞረላችሁ ነው?” አይል መሰላችሁ?

መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። አዴር ኑር ሁለቱን ስብርባሪ በፎጣቸው ቋጥረው፣ “አንድ ይዤ መጣሁ፣ ሁለት ይዤ ተመለስኩ፤ ጅጅጋ እንዴት በረከት ነው!” ብለው ከት ብለው ሳቁና ሄዱ።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ልናዘዝ። ስለ ባጃጆቹ አትጠራጠሩ፤ ማንድሪኖው በመሃላቸው አልፏል። የፈጠርኳት የአዴር ኑርን ሳቅ ነው፤ ቀልዱም የኔ ነው፣ እናንተም ስቃችሁ እንድትሸኟቸው ብዬ። እሳቸው መኪናው ላይ የወጡት አንዱን ግማሽ ከሌላው ጋር እየገጠሙ ነው።