የኮሚቴው ስፖንጅ

ሰው የማያውቀውን ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ አይታችሁ ከሆነ፣ የሚያውቀውን እንደሚመርጥ አድርጎ ነው የሚመርጠው። ሐብሐብ ገዝቶ የማያውቅ እንደ ድንች ያገላብጠዋል። ድሮ በዚህ እስቅ ነበር፤ ቦንጋ በመምህርነት ከተመደብኩ ወዲህ ግን ሳቄ ቀንሷል።

ለሁሉም ነገር ኮሚቴ በሚቋቋምበት በዚያ ዘመን ነው። አንድ ተማሪያችን ሰኞ ጠዋት ስንቁን ይዞ ከወንዝ ማዶ፣ ከማንኪራ፣ ሲመጣ ውሃው ወሰደው። አባቱ ጋሽ ኃይሌ ከቀብሩ በኋላ የልጁን እኅት አስቴርን ከትምህርት አስቀሯት። ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ፣ "የቀረችኝ እሷ ናት፤ ለውሃ አልሰጣትም" አሉን። ምን ይባላል? ድልድዩ እንደሆነ በዕቅድ ተይዟል ከተባለ ቆይቷል።

የስፖርት መምህሩ ታደሰ ግን መላ አመጣ። ተማሪዎቹን ዋና እናስተምራቸው፤ መለማመጃ እንዲሆን ደረታቸውን የሚያስደግፉበት ሰሌዳ ከስፖንጅ እንቀርጻለን አለ። ታደሰ ሐዋሳ ነው ያደገው፤ ፈረንጆች ሐይቁ ላይ ነጭ ሰሌዳ ታቅፈው ሲንሳፈፉ አይቷል። ሐዋሳ ያደገ ሰው ስለ ውሃ ሲናገር ማን ይከራከረዋል? ጋሽ ኃይሌም፣ "ልጄን ሲሸከማት በዓይኔ ካየሁ ትማር" አሉ። ኮሚቴው ተቋቋመ።

ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድን። ከወሎ መጥተው ግማሹን ከተማ በፍራሽ ያስተኙ ነጋዴ ናቸው። ቦንጋ ውስጥ ስፖንጅ ማለት ፍራሽ ነው፤ ፍራሽ ደግሞ የሚመረጠው ተቀምጠውበት ነው። ዳይሬክተሩ ተቀመጡበት፣ እኔ በቡጢ ተጫንኩት፣ ታደሰ ጋደም አለበት። አንዱን ጎን ይቆረቁራል ብለን ጣልነው፤ ሌላውን ሲጫኑት ቶሎ ተመልሶ አያብጥም አልን። ሐጂ ለማን እንደሆነ ጠየቁን። ለተማሪ ነው አልናቸው፤ ከዚያ በላይ ኮሚቴ ለባለሱቅ አያስረዳም። "እንግዲያው ይሄን ውሰዱ፣ ወገብ ያሳርፋል" አሉን። ወሰድን።

ታደሰ በዳቦ ቢላ ቀረጸው። ጠርዙን አለዘበ፣ ጫፉን እንደ ማንኪያ አደረገው፣ ብናኙን ከፀጉሩ እያራገፈ ደጋግሞ አስተካከለው። ለመጀመሪያ ሥራ እውነትም ያምር ነበር።

ቅዳሜ ወንዙ ዳር ተሰበሰብን። አስቴርን "ምንም ቢሆን እንዳትለቂው" አልናት። ታቅፋው ገባች፤ ለጥቂት ጊዜም ተሸከማት። ጋሽ ኃይሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ስፖንጁ ውሃውን ይጠጣ ጀመር። ጠጣ፣ ከበደ፣ ይዟት ወረደ። አትልቀቂ ብለናታልና አለቀቀችም።

ቀጥሎ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ዳይሬክተሩ ከነኮታቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ፣ ታደሰ የልጅቱን ክንድ ይዞ ይጮኻል፣ እኔ አፌ ደለል ሞልቶ ቀሚሷን እጎትታለሁ። እየሳለች ወጣች። ከመካከላችን ዋና የሚችል እንዳልነበረ የተገለጠው ያኔ ነው። ታደሰም ሐዋሳ ያደገው ዳር ቆሞ ኖሯል።

ጋሽ ኃይሌ ልጃቸውን በጋቢያቸው ጠቀለሏት። በቃ፣ አለቀ፣ አልኩ በሆዴ።

"ዋና ትችላላችሁ?" አሉ።

"አንችልም" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ታዲያ ለምን ገባችሁ?"

ዳይሬክተሩ ኮታቸውን መጭመቅ ጀመሩ።

"ልጄ የሄደ ቀን እዚህ ቦታ ሰው አልነበረም" አሉ ጋሽ ኃይሌ። "ሰኞ ትመጣለች። እናንተም እዚህ ትቆማላችሁ።"

ቆምን። አስቴር ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዋና የማይችሉ መምህራን ተራ ገብተው የገመድ ጫፍ ያዙ፤ ሌላውን ጫፍ ጋሽ ኃይሌ ከማዶ ይይዙታል፤ አስቴር ገመዱን ጨብጣ ትሻገራለች። አንድ ጠዋት፣ የእኔ ተራ ሆኖ፣ ውሃው ደፍርሶ ሞልቶ ነበር።

"መምህር!" ብለው ተጣሩ ከማዶ። "ዛሬም ልጄ ብትወድቅ ትገባለህ?"

ውሃውን አየሁት። ገመዱን ክንዴ ላይ ጠመጠምኩት።

"እገባለሁ" አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

ጋሽ ኃይሌ የልጃቸውን እጅ ለቀቁ።