ሁለት ጆሮ፣ ለግል መገልገያ

በኦንላይን ዕቃ መግዛት የሚፈራ ሰው አይገባኝም። ስልክህን ጫን ታደርጋለህ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያሽግልሃል፤ ምን ያስፈራል? የሚፈራውስ ዕቃው አዲስ አበባ የገባ ዕለት ነው።

እኔ ያዘዝኩት ለአባቴ የመስሚያ መሣሪያ ነበር። አባቴ ሀና ማርያም፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የበቀለበት መሬት ላይ ጤፍ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ጆሮው ሲደክም መጀመሪያ ከዕድር ቀረ፣ ቀጥሎ ከልጅ ልጆቹ ጨዋታ፣ በኋላም ከእኛ። አንድ ማዕድ ከበን ተቀምጠን ይናፍቀን ነበር።

ጉምሩክ ስደርስ ካርቶኑን የከፈተችው ሠራተኛ፣ ትሁት ልጅ ናት፣ “ሁለት ነው” አለችኝ። ለግል መገልገያ ነው የተባለ ዕቃ ከአንድ ሲበልጥ፣ ለንግድ አለመሆኑን ማጣራት አለባት። እህቴ፣ የሰው ልጅ እኮ ጆሮው ሁለት ነው አልኳት። መመሪያው ላይ ስለ አፈጣጠር የተጻፈ ነገር የለም አለችኝ። እንዴት ያለ መመሪያ ነው! ፈጣሪ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲሠራን ያላሰበውን አስቦ የተቀመጠ! በመጨረሻ ተጠቃሚው ራሱ ይቅረብ ተባለ።

በነጋታው ማስረጃዬን ጋቢ አልብሼ፣ ከነሁለት ጆሮው አቀረብኩ። ልጅቷ “እስቲ ይሞክሩት አባባ” አለች። አልሰማትም። እኔው ገጠምኩለት።

አባቴ ቀና አለ። ጣሪያውን አየ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ውጭ ዝናብ መጀመሩን ማናችንም ልብ አላልንም።

“ዝናብ ነው?” አለኝ በሹክሹክታ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “ድምፅ እንዳለው እኮ ረስቼው ነበር።”

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ሲነጫነጭ ያረፈደው ሰውዬ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ላይ ሰቅለን የጉምሩክን ጣሪያ እናዳምጣለን። ስንት ክረምት አልፎብኛል፤ ዝናብ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። ለግል መገልገያ ነው፣ አምኛለሁ አለች። ከዚያ እንደ ማፈር ብላ፣ ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ “የሚከፈል ቀረጥ ግን አለው፣ አባባ” አለችው።

አባቴ መዳፉን ጆሮው ላይ ደገነ።

“ምን አልሽኝ ልጄ? ጮክ በይ፣ አይሰማኝም እኮ!”