ለእግር የተቀዳ ሙዚቃ

አምስት ሰው ተሰብስቦ የድሮ ዘመን ልብስ ከለበሰ፣ ስድስተኛው መጥቶ «የልብሱ ቁልፍ የዚያ ዘመን አይደለም» ማለቱ አይቀርም። ይህ በየትም አገር የማይቀር ነገር ነው። የእኛ፣ የእንግሊዝ አገር ሰፎኮቹ፣ ስድስተኛ ሚስ ድሩሲላ ፔክ ናቸው፤ የክፍለ ዘመናት ዘበኛ፣ የዚፕ ደመኛ፣ በጡረታ የሚኖሩ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ።

ማኅበራችን የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ይለበስ የነበረውን ለብሶ፣ በየበጋው አንድ አሮጌ የመኳንንት ግቢ ውስጥ የዚያን ዘመን ዳንስ ይደንሳል። በአዘቦቱ ተራ ሰዎች ነን። ሚስ ፔክ ግን አዘቦት የላቸውም።

አንዴ ባሪ የሚባለው ጓደኛችን ድንኳን ጥግ ተደብቆ የድንች ጥብስ ሲበላ ከኋላው ደረሱ።

«ባሪ፣ ዘመኑ ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት መቶ ሃያ፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ድንች ገና መቼ አገራችን መጣና! ትፋው!»

ተፋው። ሌላ ጊዜ ያው ባሪ በወፍራም የሱፍ ካባው ውስጥ ፀሐይ መታውና ተዘረረ። ሚስቱ ጆአን የፕላስቲክ ውሃ ይዛ ስትሮጥ፣ ሚስ ፔክ መንገድ ላይ አስቁመው ወደ ሸክላ ኩባያ አስገለበጧት። ባሪ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነበር።

ነገሩ የሚብሰው ሙዚቃው ላይ ነው። እቤታቸው የዚያ ዘመን ዳንስ የተቀዳበት ስልሳ ምናምን ካሴትና ሲዲ አለ፤ አብዛኛው ተወግዟል። ከመካከላችን አንዱ ደስ ብሎት አዲስ ሲዲ ወደ ማክሰኞው ልምምድ ይዞ ሲመጣ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ያዳምጡና «ይኼ ለወንበር የተቀዳ ነው» ይላሉ። ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ ዜማውን አራት ጊዜ ይደጋግምና በቃኝ ይላል፤ ዳንሱ ግን ስምንት ዙር ነው። መሃል ላይ ሙዚቃው ጥሎህ ይሄድና የሰው ሚስት እጅ ይዘህ፣ አንድ እግርህን አንስተህ እንደ ሽመላ ትቀራለህ። በዚህ እንኳ ልክ ናቸው፤ ቢመረኝም አልክድም።

ለእግር የተቀዳው አንድ ብቻ ነው፤ የራሳቸው ካሴት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሦስት ሙዚቀኞች ጎተራ ውስጥ አስገብተው፣ ዙሩን በጣታቸው እየቆጠሩ ያስቀዱት ነው። ስምንት ዙር፣ አይጨምር አይቀንስ። አራተኛው ዙር ሲያልቅ የባለጎተራው ውሻ አንድ ጊዜ «ሃው!» ይላል። ከመልመዳችን የተነሳ ጆሯችን አይሰማውም።

ዘንድሮ ጣጣ መጣ። የግቢው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ኮልቢ የእኛን ሰዓት የሰለጠነ ጭልፊት እያበረሩ ለሚያሳዩ ሰዎች ሊሰጥ አሰበ። «ጭልፊት ሕዝብ ይስባል። የበጋውን በዓል አይቼ እወስናለሁ» አለን። ግቢው ከሌለ ማኅበሩ የለም፣ ማክሰኞም የለም። ማክሰኞ የሌላቸው ሚስ ፔክ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ አልፈለግኩም።

እሳቸው ግን ቆርጠው ተነሱ። «ካሴት ቅርጫት ውስጥ ደብቀን ሕዝብ ማታለል ይብቃን! ዘንድሮ የሚነፋው ሰው ነው!»

ሁለት ዋሽንትና አንድ ከበሮ ከኖሪች ከተማ መጡ። የደረሱት በበዓሉ ጠዋት ስለነበር አብረን አልተለማመድንም። ቢሆንም ስምንቱን ዙር ሚስ ፔክ አስጠንቅቀዋቸዋል፤ ምን ይመጣል ብለን ነው?

አሥራ ስድስት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነን፣ በከፋይና በላባ ተውበን፣ ከአዳራሹ ደጅ ወደ ኩሬው በቀስታ መራመድ ጀመርን። አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እዚህ ላይ ፊታችንን አዙረን መመለስ ነበረብን። ማንም አልዞረም። አምስተኛው ተጀመረ። ከፊት ያለው ባሪ ቀጥ ብሎ ነጎደ፤ እኛም ተከተልነው። ሚስ ፔክ ስንት ዓመት «ቁጠሩ!» ሲሉን ስንቆጥር የኖርን መስሎን ነበር። ለካ የምንጠብቀው ውሻውን ነው።

«ባሪ፣ ዙር እንጂ!» አለች ጆአን ጥርሷን ነክሳ።

«ገና መሰለኝ...»

«ፊትህ ውሃ ነው እኮ!»

የባሪ ጫማ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ፣ ከሙዚቀኞቹ ጎን የቆሙት ሚስ ፔክ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ከዚያ ሁሉ ክብር ውስጥ፣ «ሃው!» አሉ።

አሥራ ስድስታችንም ባንዴ ዞርን። ሕዝቡ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ።

ዳንሱ እንዳለቀ ሚስተር ኮልቢ መጣ። «ያ ጩኸት ምንድነው? እውነት ያኔ እንዲህ ይጮሁ ነበር?»

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። እኚህ ሴት በገዛ እህታቸው ሰርግ ላይ የሙሽራዋን ዕድሜ በሁለት ዓመት ያረሙ ናቸው። የባሪን ጫማ አዩ፣ እኛን አዩ።

«እንዴታ» አሉ። «በፈረንሳዩ ቡርጎኝ። የታወቀ ነው።»

«ግሩም! ጭልፊት ይህን አይችልም። የከርሞው በዓል የእናንተ ነው» ብሎ ሄደ።

እልል አልን። ሚስ ፔክ ግን ፊታቸው እንደቀላ ድንኳን ገቡ፤ ቀኑን ሙሉ የማንንም ቁልፍ አላረሙም። ያኔ ነው ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት።

እኔ የሰፈሩ ፖስታ አዳይ ነኝ። ሰኞ ጠዋት በራቸው ላይ ጠብቀው አንድ ፖስታ ሰጡኝ፤ ለሚስተር ኮልቢ ነው። «ዋሽቻለሁ። እውነቱን ጽፌለታለሁ፤ የፈለገውን ይወስን። ዛሬውኑ ይድረስ» አሉኝ። ዓይናቸው አብጧል።

«እሺ እሜቴ» አልኩ።

በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ አንድ ደብዳቤ ሳላደርስ ቀርቼ አላውቅም ነበር። ይሄው ፖስታው ኪሴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ በየማክሰኞው «ደረሰ?» ይሉኛል፤ እኔም ዓይናቸውን እያየሁ «ደርሷል» እላለሁ።