የእድፍ ጠላት

ሙያውን እንደ ቅስና የሚያይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ታላቅ ወንድሜ እንደዚያ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ የጣሊያኑን ሹም ቤት ያጸዳ ነበር። የአሸንዳውን ዝገት በሎሚና በአመድ ይፈትጋል፤ ቀጥሎ የመስኮቱን መቃን በእንዶድ አረፋ ያጥባል። ከመስኮቱ የሚጀምር ሰው ካያችሁ ሙያ የለውም፤ የአሸንዳው ጭቃ ተመልሶ ይወርድበታል!

በመጨረሻዋ ደህና ቀናችን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ መሰላል ላይ አዩትና፣ "አንተ ጉደኛ፣ ለጠላት ጣሪያ እንዲህ ትለፋለህ?" አሉት።

"እትዬ፣ እኔ የተጣላሁት ከእድፉ ጋር ነው!"

በማግስቱ ከዚያው መሰላል ወድቆ ሞተ። እኔን ግን ከልቅሶ ይልቅ ፍርሃት ያዘኝ። ባንዳ ነበር ብለው ለቀብሩ ባይመጡስ? ቃሬዛውን እኔና አባቴ ለሁለት ልንሸከም ነው?

አገሩ ሁሉ መጣ። ሹመት የሚታደል ይመስል፣ ቃሬዛውን ለመሸከም ግፊያ ሆነ። እትዬ ጥሩነሽ ፊቴን አይተው፣ "ምነው ልጄ፣ እንቀራለን ብለህ ነበር? የሰደብነው እኮ የኛ ስለሆነ ነው" አሉኝ።

እፎይ አልኩ። በነጋታው ጠዋት ብቻዬን መቃብሩ ድረስ ሄጄ፣ ያለ ምንም ፍርሃት፣ እንደ ልቤ አለቀስኩ።