ስለ ነብሩ ፎቶና ስለ ኩሽናዋ ርግብ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች ክበብ አባላት በጸደይ የመጨረሻው እሑድ፣ ከቀኑ 8፡20 ላይ በሒሳብ መምህሩ ሳሎን ተሰበሰቡ። የተጠራው ለ8፡00 ነበር፤ ሃያው ደቂቃ ጫማ ይውለቅ አይውለቅ በሚል ክርክር አልፏል።

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፦ የጥርስ ሐኪሟ
አባል፦ ልብስ ሰፊው
አባል፦ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር (እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ ሶፋ ላይ ተጋድመው)
ጸሐፊ፦ እኔ፣ ፋርማሲስቱ
ታዛቢ፦ የመምህሩ ባለቤት (አባል አይደሉም፤ ቤቱ ግን ቤታቸው ነው)

ልብስ ሰፊው የተጋደመ ሰው እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠር እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ ይቆጠራል ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ለከተማው ኤግዚቢሽን የሚላከውን አንድ ፎቶ መምረጥ

ልብስ ሰፊው በጸደዩ መግቢያ ሽርሽር ላይ ያነሱትን የነብር ፎቶ አቀረቡ። ነብሩ ሣር ውስጥ ተኝቶ በከፊል ይታያል። በደረታቸው ተስበው እንደተጠጉትና ቤተሰባቸውንም በልባቸው እንደተሰናበቱ አስረዱ። የመምህሩ ባለቤት መነጽራቸውን አድርገው ካዩ በኋላ "ውይ፣ ሻርፔ!" አሉ። ሻርፑ በዚያው ሽርሽር እንደጠፋባቸው፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክርም እንደሚታይ ገለጹ። ልብስ ሰፊው ክር ሳይሆን ጅራት ነው አሉ። ሰብሳቢዋ ሠላሳ ዓመት መቀስ የያዘ ሰው ጨርቅና ነብር እንዴት እንደሚምታታበት ቢጠይቁ፣ "ዶክተር፣ የፈራ ሰው ጨርቅ አይለይም" ሲሉ መልሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፎቶው "ነብር ሊሆን የሚችል" በሚል ርዕስ እንዲላክ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ዝምታ ተወሰነ። ዝምታው የጸሐፊው ነው፤ ሱሪው ገና ከልብስ ሰፊው ዘንድ አልወጣም።

አጀንዳ 2፦ የመምህሩ አቤቱታ

መምህሩ በዚያ ሽርሽር አንድ ያበበ ዛፍ ሙሉውን በፎቶ ለማስገባት ወደ ኋላ ሲሄዱ ቦይ ውስጥ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ በኩሽናው መስኮት የውጭ ጠርዝ ላይ ጎጆ የሠራችን ርግብ 1,140 ጊዜ አንስተዋል። ከእነዚህ አንዱ እንዲታይላቸው ጠየቁ። ልብስ ሰፊው ደንቡ በሽርሽር የተነሳ ፎቶ ብቻ እንደሚል ጠቅሰው "ጋሼ፣ ኩሽና ተፈጥሮ አይደለም" አሉ።

"ርግቧ ይህን አልሰማችም" አሉ መምህሩ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከአልጋቸው እስከ ኩሽና አሥራ አራት እርምጃ መሆኑን፣ በክራንች ለሚሄደው ግን ይህም ሽርሽር መሆኑን ተናገሩ።

ባለቤታቸው መስኮቱ ሳይከፈት አሥራ ስምንት ቀን እንደሆነው አስመዘገቡ። "ሽንኩርት በጠበስኩ ቁጥር ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ ነው የምመስለው። ልክፈት ብል በክራንቹ መንገድ ዘጋብኝ!"

በቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ተቀባይነት እንዳይኖረው በሦስት ለአንድ ተወሰነ። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ስላዞሩ ይህ እንደ ተቃውሞ ድምፅ ተይዟል።

ልዩ ልዩ

9፡35 ላይ ባለቤታቸው ከኩሽና "ኑ! ኑ! እንቁላሉ ተሰነጠቀ!" ሲሉ ተጣሩ። ሰብሳቢዋ ርግቧ እንዳትደነግጥ ማንኛውም አባል ካሜራውን ሳሎን ትቶ እንዲገባ አዘዙ። ቀድመው የደረሱት መምህሩ ናቸው።

ጫጩቱ ወጣ። እርጥብ ነው፤ መላጣ ነው፤ ዓይኑ አልተገለጠም። ሰብሳቢዋ "ሲያስጠላ!" ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ልብስ ሰፊው የመምህሩን ክንድ ደግፈው "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አሉ። መምህሩ "ዝም በል፣ ትሰማለች" አሏቸው፤ ክንዳቸውን ግን አላስለቀቁም።

አባል ስላልሆኑ ትእዛዙ የማይመለከታቸው የመምህሩ ባለቤት ቀስ ብለው በጓሮ ዞረው፣ ከውጭ በስልካቸው አንድ ፎቶ አንስተዋል። ፎቶው ላይ ጫጩቱ አይታይም። የሚታየው የመስኮቱ መስታወት ላይ የተደፈጠጠ የአራት ሰው አፍንጫ፣ አራት የተከፈተ አፍና አንድ ክራንች ነው።

ምልዓተ ጉባኤው እዚያው ኩሽና ውስጥ ቆሞ ባደረገው ውይይት በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነውን ሁሉ ሽሮ፣ ይኸው ፎቶ በዱር እንስሳት ምድብ እንዲላክ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡45 ላይ በሹክሹክታ ተዘግቷል።